የቆመ ትራክተር በሞተሪኖ አይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ፒያሳ ቡና ላይ የሚገናኙ የድሮ ትራክተር ወዳጆች ጨዋታ ማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ ማረፉ አይቀርም። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዚህን ትራክተር ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ድምፅ መናፈቅ መልካም ነው፤ ዓመታት የቆመን ሞተር ባትሪ ገጥሞ ወዲያው በሞተሪኖ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማስነሻው፣ መምታት ግን ያሳዝነናል። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ በዝገት ከሲሊንደሩ ተጣብቆ ከሆነ ይሰበራል፤ ሲሊንደሩንም ይቧጥጠዋል።

መጀመሪያ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኢንጀክተሮች ይፈቱ። በየቀዳዳው ጥቂት ናፍጣና የሞተር ዘይት ገብቶ ይደር፤ ከዚያ ሞተሩ በእጅ፣ ሳይታገሉት፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። እምቢ ካለ ዘይቱን ጨምሮ መጠበቅ ነው። ፈሳሹ በቀዳዳው ተተፍቶ ሳያልቅ ኢንጀክተር ገጥሞ ማስነሳት የፒስተኑን ክንድ ሊያጣምም ይችላል። በኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች በአዲስ ይተኩ፤ አሮጌው ጋዝ ያሳልፋል።

ቀጥሎ ከናፍጣ መስመሩ አየር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ጓደኝነትም እዚህ ላይ ይታያል። አንዱ የናፍጣ ማቅረቢያውን ፓምፕ በእጅ ሲመታ ሌላው አረፋው እስኪጠፋ መጀመሪያ የፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን)፣ ቀጥሎ የኢንጀክሽን ፓምፑን ብሎን ያላላል።

ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ የምትሄዱ ወዳጆች፣ አሮጌውን ዕቃና የሞተሩን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የአንጋፋ መካኒኮችንም ትዝታ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው እንደሚተካ፣ እባካችሁ በጽሑፍ አስቀሩት።

የድሮ ትራክተር ወዳጆች፣ አዲስ አበባ