ደብዳቤውን ለሕዝብ ያደረሰችው ዴቢ ናት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ቀድሞ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብሁት። የፍሪትዝ ላንግን «ዘ ቢግ ሂት» ከምርጦቹ ተርታ መመደባችሁ ተገቢ ነው። ጸሐፊው ፊልሙን አንድ ሐቀኛ መርማሪ ብቻውን ሙስናን ያሸነፈበት ታሪክ አድርገው ማቅረባቸውን ግን ልቀበል አልቻልሁም። ሳጅን ዴቭ ባኒየን ሐቀኛ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ያሸነፈው ግን እሱ አይደለም።

ፊልሙ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሜሪካውያን ነገሩን ከዜና ያውቁት ነበር። ሴናተር ኢስቲስ ኪፎቨር የመሩት የሴኔት ኮሚቴ በ1950 እና በ1951 ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የወንጀል ቡድኖችንና ከእነሱ ጋር የተሻረኩ ሹማምንትን ሲመረምር፣ ሕዝቡ ምስክርነቱን በቴሌቪዥን ተከታትሏል። የኒው ዮርኩ ፍራንክ ኮስቴሎ ፊቴ አይታይ በማለቱ ካሜራው እጆቹን ብቻ ያሳይ ነበር።

ላንግ በፊልሙ ወደ እንዲህ ያሉ ሹማምንት ቤት ውስጥ ይዞን ይገባል። የፖሊስ መዝገብ ቤት ኃላፊው ቶም ደንካን ሙስናውን የሚያጋልጥ ደብዳቤ ለዐቃቤ ሕጉ ትቶ ራሱን ይገድላል። ሚስቱ በርታ ከፎቅ ወርዳ ደብዳቤውን ታገኛለች። እንባ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ስልክ አንሥታ የወንበዴዎቹን አለቃ ማይክ ላጋናን ትፈልጋለች። ከዚያ ወዲያ ላጋና ገንዘብ ይከፍላታል። እሷ ከሞተች ደብዳቤው ይወጣልና ደፍሮ የሚነካት የለም። የከተማዋ ሙስና በሙሉ በዚህች ወረቀት ላይ ቆሟል።

ፖሊስ ጣቢያውስ? ኮሚሽነር ሂጊንስ ከላጋና ቀኝ እጅ ከቪንስ ስቶን ቤት ካርታ ይጫወታል። የባኒየን የቅርብ አለቃ ሌተና ዊልክስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ ጫና ሲመጣበት ግን ምርመራውን ተወው ይላል። የባኒየንን ትንሽ ልጅ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች እንዲነሡ ሲደረግ በምትካቸው የቆሙት የዘመዱ የጦር ሜዳ ጓደኞች ናቸው። ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች አንዲት ሕፃን ከገዛ ከተማቸው ፖሊስ ተንኮል ሲጠብቁ ማየት ዛሬም ያንገበግባል።

አሁን እውነቱን የተናገሩትን እንቍጠር። የመጠጥ ቤቷ ሉሲ ቻፕማን ደንካን ራሱን የገደለው ታሞ ስለ ነበር ነው መባሉ ሐሰት መሆኑን ለባኒየን ትነግረዋለች። ቃሏን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ብዙም ሳይቆይ ተሠቃይታ ተገደለች። በአሮጌ መኪና መፍቻ ግቢ የምትሠራው፣ እያነከሰች የምትሄደው ሰልማ ፓርከር አለቃዋ ዝም ሲል የምታውቀውን ከአጥር ማዶ ሆና ትናገራለች። የቪንስ ወዳጅ ዴቢ ደግሞ ከባኒየን ጋር በመታየቷ ብቻ የፈላ ቡና ፊቷ ላይ ተደፋባት። ላንግ ድርጊቱን አያሳየንም፤ ቡናው ሲንተከተክ እናያለን፣ ከዚያ ጩኸቷን እንሰማለን። ኮሚሽነሩ እዚያው ቤት አለ። ይህን ትእይንት ስንት ጊዜ ባየው አልለምደውም።

ባኒየን በርታን አንቆ ለመግደል ተቃርቦ ነበር። አልገደላትም። ስለ ደብዳቤው ምስጢር ግን ለዴቢ ይነግራታል፤ ራሷን እንድትከላከልበት ሽጉጥም ይተውላታል። በርታ ቤት ሄዳ የተኮሰችው ዴቢ ናት። ደብዳቤው የወጣው፣ ላጋናና ሂጊንስ የተከሰሱት በዚህ ነው። ግድያዋን አላወድስም፤ ላንግም አያወድሰውም። ነገር ግን መርማሪው ንጹሕ እጅ ይዞ ወደ ጠረጴዛው የተመለሰው ዋጋውን እሷ ስለ ከፈለችለት መሆኑን መሸፈን ፊልሙን ማሳነስ ነው። በመጨረሻ ባኒየን ለአዲስ ጥሪ ሲወጣ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ አደራ ይላል። ይህን ቃል ላንግ ሳያስበው አስገብቶታል ብዬ አላምንም።

ጽሑፋችሁ ዴቢን ሆና የተጫወተችውን ግሎሪያ ግራሃምን በስም እንኳ አላነሣም። በዚያው በ1953 ለሌላ ፊልም ኦስካር የተሸለመች ተዋናይት ናት። ጸሐፊው ተከታዩን ክፍል ሲያዘጋጁ ለእሷና ለዴቢ ቦታ እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ