ባቡሩን ከከባድ መኪና ጋር አታሽቀዳድሙት፣ ጫፍና ጫፉን ሥሩለት፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

በትራንዚት ሥራ የምተዳደር የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው ባቡርን ለማንቋሸሽ አይደለም። ድሬ ተወልዶ ባቡር የሚጠላ ሰው ካለ አሳዩኝ! ግን የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር የከባድ መኪናን ሥራ ጠቅልሎ ይወስዳል የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ትንሽ ያስቀኛል፣ ትንሽም ያናድደኛል። አይወስድም። ሊወስድም አይገባም። ይህንን ደግሞ ከእኔ ይልቅ የእናንተው መሐንዲሶች አሳምረው ያውቁታል።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ባቡር ማለት በብረት ላይ የሚንከባለል ብረት ነው። በረከቱም ጣጣውም ከዚህ ይመጣል። ሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት በሐዲድ ለመሳብ የ2 ኪሎ ያህል ጉተታ ይበቃል። ያው ቶን በጎማ፣ በአስፋልት ላይ ሲሆን 7 ወይም 8 ኪሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ባቡር መኪናን አራት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። በዚህ ማንም አይከራከርም። አሁን ዳገት አምጡ። ትልቅ ዳገት አላልኩም፤ በ100 ሜትር ውስጥ 2 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል፣ በእግራችሁ ብትሄዱበት ዳገት መሆኑን ልብ የማትሉት ዓይነት። ይህች ዳገት በእያንዳንዱ ቶን ላይ 20 ኪሎ ትጨምራለች፣ ለብረትም ለጎማም አታዳላም። ባቡሩ 22 ሆነ፣ መኪናው 28። ያ ሁሉ ብልጫ የት ገባ?

በዚያ ላይ ብረት ብረትን አጥብቆ አይዝም። ሐዲዱ ትንሽ እርጥበት ሲነካው መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል። ሎኮሞቲቮች እስከ ዛሬ ድረስ ከመንኮራኩሩ ፊት የሚረጭ አሸዋ ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። የጫነ መኪና በ100 ሜትር 8 ወይም 10 ሜትር የሚነሳውን ዳገት እያጓራም ቢሆን ይወጣዋል፤ የጭነት ባቡር ግን ከ2 ሜትር ካለፈ ወይ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይጨመርለታል፣ ወይ ጭነቱ ይቀነሳል። ማቆሙም ያው ነው። በፍጥነት የሚሄድ የጭነት ባቡር ፍሬን ተይዞበት እስኪቆም አንድ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ሾፌሩ ግመሎቹን አይቷቸዋል፣ ጡሩንባውንም ነፍቷል፣ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። መኪና ቢሆን መሪ ጠምዝዞ ሊያልፋቸው ይሞክራል፤ ባቡር መሪ የለውም። ከዚያ ከአርብቶ አደሩ ጋር የካሳ ክርክር ይጀመራል።

እኛ ድሬዎች የዚህ ሂሳብ ውጤት ነን ማለት ይቻላል። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። መሐንዲሶቹ ለክተው ለክተው ወጪው አልገፋ ሲላቸው ከተራራው ሥር በሜዳው አለፉ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ቦታ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ በኋላ ድሬዳዋ። የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር ባቡር ሳታገኝ ቀረች፤ እስከ ዛሬም ከድሬ ሐረር የምንወጣው በደንገጎ ጠመዝማዛ፣ በመኪና ነው። ማንም አልተሳሳተም። ባቡር የማይወጣውን መኪና ይወጣዋል፣ በቃ።

ኩርባም እንደዚያው ነው። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ የደረሰውን የምድር ባቡር ቤተሰቦች አይረሱትም። ባቡሩ ድልድዩ አጠገብ ያለውን ኩርባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባበት፣ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። መኪና ኩርባ ላይ ቢፈጥን የሚሞተው የተሳፈረው ሰው ነው፣ እሱም ከባድ ሐዘን ነው። የባቡር ስህተት ግን በፉርጎ ቁጥር ይባዛል። ስለዚህ ኩርባው ሰፊ መሆን አለበት፣ ሰፊ ኩርባ ደግሞ በተራራ አገር ውስጥ ዋሻ፣ ድልድይና ቆረጣ ማለት ነው፤ እሱም ዶላር ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ተቀምጣለች። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ናት። በመሐላቸው ያለው ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። ነጠላ ሐዲድ ላይ አንድ ባቡር ከተበላሸ ወይም ጎርፍ አንድ ቦታ ከቆረጠው ከኋላ ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። መኪና ግን የጋላፊ ድንበር ቢዘጋበት በደወሌው ይሞክራል፣ ባይሆን ዳር ይዞ ያድራል። በኤሌክትሪክ መሄዱ ደግሞ ሁለት መልክ አለው፦ በዶላር ከሚገዛ ናፍጣ ይልቅ በራሳችን ውኃ የመነጨ ኃይል መጠቀማችን ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወይም አንድ ሌባ ገመድ ሲቆርጥ ግን ያው መቆም ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስቆጥር ባቡሩ ይቅር ልል ነው? በፍጹም። ከሁለት ቋሚ ጫፍ መሐል፣ ብዙ ጭነት፣ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ረጅም መንገድ ሲሆን እንደ ባቡር ያለ የለም። አንድ የኮንቴይነር ባቡር ተሳቢ የጎተቱ 50 ያህል መኪኖች የሚጭኑትን በአንድ ጊዜ ይዞ ይመጣል። 50 ሾፌር፣ 50 ረዳት፣ የ50 መኪና ናፍጣና ጎማ አስቡት። ማዳበሪያን ውሰዱ። አንድ መርከብ 50 ሺህ ቶን ይዞ ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ይቆማል፣ ክረምቱ ደግሞ አይጠብቅም። 40 ቶን በሚጭን መኪና ከሆነ 1,250 ምልልስ ነው። 2,000 ቶን በሚጎትት ባቡር 25።

ወረቀት ላይ እንዲህ ያምራል። ቀጥሎ ያለው ነው ችግሩ።

ያ ማዳበሪያ ጣቢያ ላይ አይዘራም፤ ጎጃም መድረስ አለበት። ጅቡቲ ከመርከብ ወደ ፉርጎ፣ እዚህ ከፉርጎ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ገበሬዎቹ ማኅበር። በእያንዳንዷ ላይ ጫኝና አውራጅ አለ፣ ክሬን አለ፣ የሚቀደድ ጆንያ አለ፣ ወረፋ አለ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። መኪናው ግን ጅቡቲ የጫነውን ደብረ ማርቆስ መጋዘኑ በር ላይ ያራግፋል። አንድ ጭነት፣ አንድ ማውረድ። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ያተረፈውን ገንዘብና ሰዓት ጫፍና ጫፉ ላይ ያፈሰዋል። ደንበኞቼ ባቡሩ በስንት ሰዓት ሞጆ እንደሚደርስ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ የሚጠይቁኝ ዕቃቸው መጋዘናቸው የሚገባው መቼ እንደሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከባቡሩ ይልቅ የመኪናው ባለቤት ቶሎ መልስ አለው። ስልኩን ያነሳል፣ «ሚሌ አልፏል፣ ነገ ጠዋት አለ» ይላል።

(አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ጨርሶ ባቡር አይጠብቅም። የአወዳይን ጫት ያየ ሰው ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ ከደረቀ ማን ይገዛዋል? አቦ፣ ለሱ ባቡር አትመድቡለት።)

ነዳጁ ነው ደግሞ የማይገባኝ። ከአንድ ወደብ ይነሳል፣ ጥቂት ዴፖዎች ይገባል፣ ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል፣ ፈሳሽ ስለሆነ ጫኝና አውራጅ አያስፈልገውም፣ ቧንቧ ብቻ። ለባቡር ከዚህ የተሻለ ዕቃ ካለ ንገሩኝ። የአገሪቱ ነዳጅ ግን ዛሬም በዋናነት በቦቴ ነው የሚገባው። ቦቴው ራሱ ናፍጣ እያቃጠለ ናፍጣ ያመጣል፣ መንገድ ላይ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ በየጊዜው እናያለን። የጎደለው ሐዲድ አይደለም፣ ሐዲዱማ አለ። የጎደለው ጅቡቲ ላይ ከነዳጅ ተርሚናሉ፣ እዚህ ደግሞ ከዴፖዎቹ ደጅ የሚገናኝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሐዲድና ማራገፊያ ነው። ከ750 ኪሎ ሜትሩ ጎን ሲታይ ምንም ነው።

መኪናን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የጠራ ሕዝብ ያለምክንያት አልጠራም። በዚያ ላይ መኪናው የሚያበላሸውን መንገድ ሂሳብ ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው እሱ አይደለም። የመንገድ መሐንዲሶች የታወቀ ስሌት አላቸው፦ አንድ አክስል ከልኩ በላይ 20 በመቶ ቢጫንበት አስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ገደማ ይሆናል። 20 በመቶ ማለት አንዳንዱ ሾፌር «ትንሽ ናት» የሚላት ናት። ባቡሩ በበኩሉ ሐዲዱንም፣ ገመዱንም፣ የቻይናን ብድርም ታሪፉ ላይ እንዲሸከም ይጠበቅበታል። አንዱ መንገዱን መንግሥት ሠርቶለት፣ ሌላው መንገዱን ራሱ ከፍሎ እየሄደ የማጓጓዣ ዋጋቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ባቡር አያዋጣም» ማለት ሂሳብ አይደለም። እስቲ ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ፈንድ የሚቆረጠው አንድ ተሳቢ ከጋላፊ እስከ ሞጆ የሚያደርሰውን ጉዳት ምን ያህሉን እንደሚሸፍን አስልታችሁ አውጡልን። የምር ማወቅ እፈልጋለሁ።

መንገደኛውም ጋ ያው የጫፍ ችግር ነው። የድሮው ባቡር ለገሃር ያወርድ ነበር፣ መሐል ከተማ። ድሬ ላይም ከዚራ፣ ከጣቢያው ወጥተህ ጥላ ጥላውን በእግርህ። የዛሬው ለቡ ነው የሚያወርደው፣ የድሬም ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሰፊ ኩርባ የሚፈልግ ሐዲድ በሰፈር መሐል አይገባም፣ መሬትም ውድ ነው። ግን ባቡሩ በሚደርስበት ሰዓት በሩ ላይ ሁለት አውቶብስ ማቆም ምን ያህል ይከብዳል? እናት ከልጆቿና ከሻንጣዋ ጋር ወርዳ ለባጃጅና ለታክሲ ስትከራከር ሳይ ነው በየጊዜው ይህን የምጠይቀው።

ስለ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ብዙ አልልም፣ ሰዉ ብሎታል። 34 ኪሎ ሜትር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 41 ባቡር። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፣ እዚያ ላይ አንዱ ቢቆም የአያትም የቃሊቲም ተሳፋሪ አብሮ ይቆማል። ሚኒባስ ሲበላሽ ረዳቱ ሂሳብ መልሶ ሌላ ያሳፍርሃል። እዚያ ግን ባቡሩን በጎን አልፎ የሚሄድ የለም። በመለዋወጫ እጦት ለዓመታት የቆሙትን ባቡሮች ሳታስነሱ ስለ ማስፋፊያ መስመር ባታወሩ ደስ ይለኛል።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መስመርም አስቡት። በዋሻና በድልድይ ነው ተራራውን ያለፈው፣ ለዚያም ነው ያን ያህል ገንዘብ የበላው። በጦርነቱም ተጎድቷል። ጥገናው ላይ አሁንም ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩን፦ ኮምቦልቻ ላይ በየሳምንቱ ፉርጎ ሞልቶ የሚጭነው ማን ነው? የፋብሪካዎቹ ስምና የቶናቸው መጠን ተዘርዝሮ ካለ ጥሩ፣ ጨርሱት። ከሌለ ያው ገንዘብ ለኢንዶዴ የጭነት ጣቢያና ለሞጆ ደረቅ ወደብ ክሬን፣ ለነዳጁ ማራገፊያ፣ ለሲሚንቶና ለብረት ፋብሪካዎች ደጅ ለሚገባ ሐዲድ ይዋል። ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ሲመለስ ባዶ ፉርጎ የሚጎትተው እኮ የምንልከው ከምናስገባው ስለሚያንስ ብቻ አይደለም፤ ቡናውና ሰሊጡ ያለበት መጋዘን ከሐዲዱ ስለሚርቅም ነው።

አንድ የተጨበጠ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። በሚቀጥለው የማዳበሪያ ወቅት አንድ መርከብ ምረጡ። ግማሹን በባቡር፣ ግማሹን በመኪና ላኩት፣ ወደ አንድ ዞን፣ ወደ ተመሳሳይ ማኅበራት። ከዶራሌ ክሬን እስከ ማኅበሩ በር ድረስ ያለውን ጠቅላላ ወጪ፣ የፈጀውን ቀን፣ የተቀደደውን ጆንያ ሳይቀር መዝግቡ። የት ላይ እንደቆመና ለምን እንደቆመም ይጻፍ። ከዚያ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም አድርጋችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ ለጥፉልን። ሥራው ላይ ያለን ሰዎች ጫፉ ላይ የጎደለውን በማሳየት እናግዛችኋለን፣ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሬዳዋ ትራንዚተር