የማሽን ሾፕ ክበብ ዘገባ፦ ቶርኖውን እንዴት አፈጠንነው

የድራማው ክበብና የቀይ መስቀሉ ክበብ ዘገባቸውን በፎቶ አሸብርቀው አስገብተዋል፣ እኛ ያለን ፎቶ ሁሉ ዘይት የነካው ስለሆነ በጽሑፍ ልሞክር። ወንበር መበየዱ፣ የበር ማጠፊያው፣ የላይብረሪው መደርደሪያ እንደወትሮው ነው፣ አልዘረዝረውም። የዘንድሮው ትልቁ ስራ ቶርኖውን (ብረት እያዞረ የሚቆርጠውን ማሽን) ማፍጠን ነበር።

ነገሩ የመጣው ከጋሪ ፒን ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ጋሪ እስካለ ድረስ ፒን የሚያሰራ አይጠፋም፣ ልጆቹም ከ10 ሚሊ ቶንዲኖ (ክብ የብረት ዘንግ) ሲያወጡት ፊቱ እየተቦጫጨቀ አስቸገራቸው። የኛ ቶርኖ ትልቁ ፍጥነቱ በደቂቃ 600 ዙር ነበር። ለስላሳ ብረት በኤችኤስኤስ (ሀይ ስፒድ ስቲል) መቁረጫ ሲቆረጥ በደቂቃ 30 ሜትር ገደማ መሄድ አለበት፣ ይሄን ለ10 ሚሊ ስታሰሉት 950 ዙር አካባቢ ይመጣል፣ ለ100 ሚሊ ግን 95 ዙር ይበቃል። ስለዚህ ማሽኑ በጥቅሉ ቀርፋፋ ነው ማለት አይደለም፣ ለቀጭን ስራ ነው የሚያንሰው። ይሄንን ልጆቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ አስልተው እስኪያዩት ድረስ ማንም ቁልፍ እንዳይነካ ከለከልኩ፣ ትንሽ ተነጫነጩ ግን ሰሩት።

ከዛ ክርክሩ መጣ። አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር ኢንቨርተር እንግዛ» አለ (የሞተር ፍጥነት የሚቀያይር የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው)፣ ግን የኛ ሞተር ባለ ካፓሲተር የ220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ነው፣ ለሱ ደግሞ የተለመደው ኢንቨርተር አይሆንም፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው የሚፈልገው። ሌላዋ 1400 ዙር የሚዞረውን ሞተር አውጥተን 2800 የሚዞር እናስገባ አለች፣ ይሄ ደግሞ ትንሹንም ትልቁንም ፍጥነት በአንዴ እጥፍ ያደርገዋል፣ ጥርስ (ክር) ለማውጣት የምንፈልገው ዝግታም ይጠፋል። መጨረሻ ላይ የተስማማነው ሞተሩ ላይ ያለውን 80 ሚሊ ፑሌጃ (ቺንጋው፣ ማለትም ቀበቶው፣ የሚጠመጠምበት ጎማ) ባለ ሁለት ደረጃ ለማድረግ ነው፣ 80ው እንዳለ ሆኖ ጎኑ 120 ሚሊ ይጨመራል፣ 600 የነበረው 900 ይሆናል፣ ዝግታ ሲፈለግ ቺንጋውን ወደ 80ው መመለስ ነው። ሞተሩ በማጠፊያ ላይ ስለተቀመጠ ክብደቱ ራሱ ቺንጋውን ይወጥረዋል።

ፑሌጃውን ከተጣለ ፒስተን አልሙኒየም አቅልጠን እዛው ቶርኖ ላይ አወጣነው፣ ማሽኑ የራሱን ዕቃ ሲሰራ ማየት ልጆቹን በጣም ነው ያስደሰታቸው። የቦዩ አንግል ለትንሹ 34 ዲግሪ ለትልቁ 38 ነው፣ ምክንያቱም ቺንጋ በትልቅ ፑሌጃ ላይ ብዙ ስለማይታጠፍ ጎኑ ያን ያህል አይብጥም። ቺንጋው የሚይዘውም በጎኑ ነው፣ ታች ቦዩን ከነካ ይንሸራተታል፣ የመጀመሪያውን ለዚህ ነው መልሰን ያጠለቅነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ። የኛ ስፒንድል (ዕቃውን የሚያዞረው ዋናው ዘንግ) የሚዞረው በኳስ ኩሽኔታ ሳይሆን በብሮንዝ ቦኮላ (ቀለበት) ውስጥ ነው፣ ዘንጉ 50 ሚሊ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው ላመስግን፣ በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ ተማሪ የነበሩ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ፣ ልጆቹ አያ ነው የሚሏቸው፣ ሞተሩ ሳይነካ መጀመሪያ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሳሪያ) አስቀምጠው ስፒንድሉን በእንጨት ወደ ላይ አስነሱት። ለዚህ ዘንግ 5 መቶኛ ሚሊ ገደማ ክፍተት ጥሩ ነው፣ ከዛ ከጠበበ ሲሞቅ ይነክሳል ከሰፋ ይንቀጠቀጣል፣ የኛው ሰፍቶ ስለነበር ከቦኮላው ስር ያለውን ስስ ላሜራ አንድ ቀንሰው አስተካከሉት።

ዘይቱን በተመለከተ ልጆቹ ወፍራም ዘይት የበለጠ ይጠብቃል ብለው 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ሊጨምሩ ነበር። የተገላቢጦሽ ነው። ዘንጉ ሲዞር በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው፣ ፍጥነት ሲጨምር ወፍራሙ ዘይት ራሱ እየታሸ ሙቀት ይሆናል፣ ስለዚህ ወደ ቀጭን (በISO ልኬት 46 ቁጥር) ወረድን። ብረት ከብረት የሚነካካው ሲነሳና ሲቆም ስለሆነ ደግሞ ዘይት ከመነሳቱ በፊት ይንጠባጠባል፣ ሲጀመርም በ900 አይጀመርም፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው ብርዱን ታውቁታላችሁ ዘይቱ ይረጋል። በመካከለኛ ፍጥነት 20 ደቂቃ ያህል እየዞረ መዳፍ ኩሽኔታው ክዳን ላይ ይደረጋል፣ እጅ መቆየት ካልቻለ ይጠፋል።

ማርሾቹ ላይ ያደረግነው ቀላል ነው ግን ብዙ ሰው አያደርገውም። በሞረድ ስንሞርድ ወይ በአሸዋ ወረቀት ስናለሰልስ ሊድ ስክሩ (መቁረጫውን የሚነዳው ረጅሙ ባለ ጥርስ ዘንግ) መዞር የለበትም፣ ስለዚህ ማንሻውን መሀል ላይ አድርገን የጎኑን ማርሽ በሙሉ እናላቅቃለን፣ ጩኸቱ ወዲያው ነው የሚቀንሰው። ማርሽ ስንገጥም ደግሞ አያ ያሳዩን ዘዴ አለ፣ በጥርሶቹ መሀል የደብተር ወረቀት ቀድዶ ማስገባት፣ ገፋ አድርጎ ቡሎኑን ማጥበቅ፣ ከዛ ወረቀቱን አዙሮ ማውጣት። ወረቀቱ ከተቆረጠ ጠብቋል፣ ታጥፎ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ባክ ጊር (ለዝግታ የሚያያዘው ማርሽ) ሲያያዝ ፑሌጃው ስፒንድሉ ላይ ብቻውን ስለሚዞር እዛች ትንሽ ቀዳዳ ዘይት ይንጠባጠብባታል፣ እሷን ሁሉም ይረሳታል። ማሽኑ እየዞረ ማርሽ መቀየርማ ከክበቡ ያስወጣል።

ቻኩንም (ዕቃውን በመንጋጋ የሚነክሰውን መያዣ) አልረሳንም። ፍጥነቱ አንድ ተኩል ሲሆን መንጋጋውን ወደ ውጪ የሚጎትተው ኃይል 2.25 እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ቻካችን ላይ የተጻፈው ትልቁ የፍጥነት ልክ ከ900 በላይ መሆኑን አይተን ነው የጀመርነው። ከባድና ጎዶሎ ቅርጽ ያለው ዕቃ ግን እስካሁን በዝግታው ነው። ጋቢና ነጠላ ለብሶ ሾፕ መግባት ተከልክሏል፣ ብርድ ነው ብሎ መከራከር አይሰራም።

አሁን 10 ሚሊ ፒን ፊቱ ለስልሶ ይወጣል፣ ወፍራሙን ግን በ900 ልሸርክት ያለ ሞተሩን ያጨናንቀዋል፣ ምክንያቱም ፍጥነት ስትጨምሩ ስፒንድሉ ላይ ያለው ጉልበት በዛው ልክ ይቀንሳል። ለሚቀጥለው ዓመት ኢንቨርተሩን ከባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ጋር እንጠይቃለን፣ እስከዛው ለክበቡ ዘይት ማዋጣት የምትፈልጉ ወላጆች 46 ቁጥር አምጡልን፣ ከመኪና የተቀዳ ጥቁር ዘይት ግን አታምጡብን።