የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ በስድስት ቀን አምስት ጨዋታ

የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ አምና የሠራው ስለ ዓድዋ ነበር። ዘንድሮ ርዕሱን ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ አልኩ። የአሜሪካ ፉትቦል መረጡ! እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። እሺ፣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረና እዚሁ ቴነሲ የሆነ ታሪክ ይሁን አልኳቸው። ሲዋኒን ይዘው መጡ።

ሲዋኒ ከናሽቪል በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። ኩምበርላንድ አምባ ላይ ያለ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቡድኑ 12 ጨዋታ ገጥሞ 12ቱንም አሸነፈ። 322 ነጥብ አስቆጠረ፤ የተቆጠረበት 10 ብቻ ነው። «ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው» አሉ የአንድ ተማሪያችን አያት። እሳቸው ዘመን ሲቆጥሩ ሁሌም ከዓድዋ ነው የሚነሱት።

ልጆቹን የያዛቸው ግን ቡድኑ በስድስት ቀን አምስት ዩኒቨርሲቲዎችን የገጠመበት የጉዞ ፕሮግራም ነው። ኖቬምበር 9፣ ሐሙስ፣ ኦስቲን ላይ ቴክሳስን 12 ለ 0። ዓርብ ሂዩስተን ላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 10 ለ 0። ቅዳሜ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቱሌንን 23 ለ 0። እሑድ ዕረፍት። ሰኞ ባተን ሩዥ ላይ ኤል ኤስ ዩን 34 ለ 0። ማክሰኞ ሜምፊስ ላይ ኦል ሚስን 12 ለ 0። ከከተማ ከተማ የሚሄዱት በባቡር ነው።

ካርታውን ስንሠራ ከባድ መኪና የሚነዱ አንድ አባት ረዱን። ልጆቹ ጋሼ ሹፌር ይሏቸዋል። ቀዩን ክር ከፒን ፒን ሲስቡ ቆዩና «ይቺን መንገድ አውቃታለሁ» አሉ። «ተቀምጬ እየነዳሁ እንኳ ወገቤን ትቆርጠኛለች። እነዚህ ደግሞ ወርደው ይደባደባሉ እንዴ?»

መደባደብ ማለታቸው አልተሳሳቱም። በዚያን ጊዜ ኳስን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው፤ የተፈቀደው በ1906 ነው። ስለዚህ ኳሱን ይዞ እየተጋፉ በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ (አራት ሜትር ተኩል ያህል) መግፋት ግዴታ ነው። ተቀይሮ የወጣ አይመለስም፤ ስለዚህ የተጎዳውም እግሩን እየጎተተ ይጫወታል። ይህን ሕግ ፓርክ ወስደን ሞከርነው። መጣጣል ከልክዬ ነበር። ቢሆንም ትንሽ ቆይተው ሁሉም አንድ ላይ ተቆለሉ። ከሥር የነበረው ልጅ ኳሱን አቅፎ «ቲቸር፣ አለፍኩ ወይስ አላለፍኩም?» ይለኛል። በምን አውቃለሁ?

ለምን እንዲህ ተጣደፉ? ገንዘብ ነዋ። ሲዋኒና የናሽቪሉ ቫንደርቢልት በመግቢያ ገቢ ተጣልተው የዚያ ዓመት ጨዋታቸው ቀረ። ጥሩ ገቢ የሚያስገባው ደግሞ እሱ ነበር። የቡድን መሪው ሉክ ሊ፣ ያኔ ገና ተማሪ ነው፣ ጉድለቱን ለመሙላት ይህን ጉዞ አቀደ። በእኔ እምነት የዚያ ዓመት ጀግና እሱ ነው። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ታኬታዎቹ ጣቢያ መቅረታቸው ታውቆ በቴሌግራም አስላካቸው ይባላል። ይኸው ሰው ኋላ ሴናተር ሆነ። በ1919 ደግሞ ሆላንድ ተሸሽጎ የነበረውን የቀድሞውን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት (ካይዘር) ጠልፎ ሊወስድ ሞከረ። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ ለሳምንታት ፉትቦሉን ትተው ወሬያቸው ሁሉ ካይዘር ሆነ።

አሥሩ ነጥብ የገባባቸው በአንድ ጨዋታ ነው። በታንክስጊቪንግ ዕለት ሞንትጎመሪ ላይ፣ ጆን ሃይስማን የሚያሠለጥነውን ኦበርንን 11 ለ 10 ለጥቂት አሸነፉ።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ «እኛ ያኔ ብንኖር ያጫውቱን ነበር?» አለኝ። አያጫውቱህም አልኩት። ተጫዋቾቹ በሙሉ ነጮች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲውን የመሠረቱት ጳጳሳት መካከል ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ አንደኛው፣ ሊዮኒዳስ ፖልክ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቡ ጦር ጄኔራል ሆኖ ተዋግቷል። የቡድኑ ወጌሻ ግን ካል በሮውስ የሚባል ጥቁር ነው። በየከተማው የዛለ እግር የሚያሸው እሱ ነው። ስለ ተጫዋቾቹ ያነበብነው መዓት ነው፤ ስለ እሱ ያገኘነው ከስሙ እምብዛም አያልፍም። ልጆቹ የካርታው ሥር ስሙን ከአምበሉ ከሲብልስ ጎን ጻፉት። እኔ አላዘዝኳቸውም።

ያ ጥያቄ ወደ ሌላ ታሪክ ወሰደን። ዲሴምበር 27 ቀን 1892 ሳልስቤሪ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ቢድልና ሊቪንግስተን የተባሉ የጥቁሮች ኮሌጆች በበረዶ ተጋጠሙ። በጥቁሮች ኮሌጆች መካከል የተደረገው የመጀመሪያው የፉትቦል ጨዋታ ይህ ነው። መስመሩ በበረዶ ተሸፍኖ ስለነበር አንድ ኳስ ክርክር አስነሳ፤ ዳኛው ለቢድል ፈረደ።

በጸደይ ሲዋኒን ሄደን አየን። እናቶች ዳቦ ቆሎ ጭነውልን ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አለቀ። አምባው ጉም ለብሶ ነበር። ቡድኑ ዛሬም አለ፤ ከትንንሽ ኮሌጆች ጋር ይጫወታል። በ1930ዎቹ የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ የሆነው የኤስ ኢ ሲ መሥራች አባል ነበር። በሊጉ 37 ጨዋታ ገጥሞ 37ቱንም ተሸንፎ በ1940 ወጣ። ከ1899 ይልቅ ልጆቹ ያልረሱት ይህን ነው፤ አሁን ኳስ የሸፈጠበትን ሁሉ «ሠላሳ ሰባት!» ይሉታል።

ለቀጣዩ ዓመት በድምፅ ብልጫ የተመረጠው የቢድልና የሊቪንግስተን ጨዋታ ነው። ሳልስቤሪ ሩቅ ስለሆነ አዳር ያስፈልጋል። መኪና ያላችሁና ቅዳሜና እሑድ የሚመቻችሁ ወላጆች እስከ መስከረም መጨረሻ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ጋሼ ሹፌር ተመዝግበዋል።