ከክብደቱ ጎን ቁመቱም ይመዝገብ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ሚጥል በሽታ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ “መድኃኒቱን አታቋርጡ” ብሎ ያበቃል። ልክ ነው። ምክሩን ሰምቶ መድኃኒቱን አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ሳያዛንፍ የወሰደ ሰው ግን ድሮ ልኩ የነበረው ሱሪ ተረከዙን ሲውጥበትና ጀርባው ሲጎብጥ “ዕድሜ ነው” ይባላል። ብዙ ጊዜ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱም አጥንትን ያሳሳል። የክትትል ካርዱ ላይ በወር ስንት ጊዜ እንደጣለው፣ የክኒኑ መጠንና ክብደቱ ይጻፋል። ቁመቱን የሚጽፍ እምብዛም የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ጉበት ላይ ነው። ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዘፒንና ፕሪሚዶን የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ መድኃኒት የሚሰብሩትን የጉበት ኢንዛይሞች ያበዛሉ። የበዙት ኢንዛይሞች ቫይታሚን ዲንም አብረው ይሰብሩታል። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አንጀት ከምግብ በቂ ካልሲየም አይወስድም፤ አንገት ላይ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎችም በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን ለመጠበቅ ካልሲየሙን ከአጥንት ያስወጡታል። “ፀሐይ ሙቅ” የሚለው ምክር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ቆዳ የሠራውንም ቫይታሚን ያው ጉበት ቶሎ ይሰብረዋል። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቫልፕሮኤት እነዚህን ኢንዛይሞች ባያበዛም አጥንት ከማሳሳት ነፃ አይደለም። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም እስካሁን በታየው ለአጥንት የተሻሉ ናቸው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2009 እ.ኤ.አ. በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ለቆዩና ተጋላጭ ለሆኑ ሕሙማን ቫይታሚን ዲ እንዲታሰብላቸው ሐኪሞችን አሳስቧል።

የአከርካሪ አጥንት ስብራት እንደ እጅ ስብራት አይጮህም። የአጥንቱ የፊት ጎን ቀስ ብሎ ይጨፈለቅና እንደ ሽብልቅ ይሆናል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሳይታወቁ ያልፋሉ። በዚያ ላይ ከባድ መንቀጥቀጥ ሲመጣ የጀርባ ጡንቻዎች ከሚኮማተሩበት ኃይል የተነሣ ሰውየው ባይወድቅም እንኳ መሐል ጀርባው ላይ ያለ አጥንት ሊሰበር ይችላል። በማግስቱ የሚሰማው የጀርባ ሕመም የድካም ነው ተብሎ ይተዋል።

ቁመት ለመለካት ግድግዳና እርሳስ ይበቃል። ጫማ ይወልቃል፤ ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳው ላይ ይደገፋሉ፤ ዓይን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ያያል። ጠንካራ መጽሐፍ ጠርዙ ግድግዳውን እንደነካ አናት ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይቀመጥና ከሥሩ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዛል። ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማልና ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ካለፈው ልኬት 2 ሴንቲ ሜትር፣ ወይም ከወጣትነት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር የቀነሰ ሰው የጀርባ ራጅ ይገባዋል። የድሮ ቁመቱ ካልታወቀ የጭንቅላቱ ኋላ ግድግዳውን ይነካ እንደሆነ ይታይ። ጀርባው ተደግፎ ጭንቅላቱ የማይደርስ ከሆነ ጎብጧል ማለት ነው።

የደም ምርመራው ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ፎስፌትና አልካላይን ፎስፋቴዝ ነው። የመጨረሻው ከአጥንት የሚወጣ ኢንዛይም ነው፤ በመድኃኒቱ የተነሣ ከጉበትም ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። የቫይታሚን ዲ ውጤት ሲነበብ መጀመሪያ መለኪያው ይታይ፤ 40 በናኖግራም በሚሊ ሊትር በቂ ሲሆን፣ ያው 40 በናኖሞል በሊትር እጥረት ነው። የእጥረቱ ድንበር በመጀመሪያው 20፣ በሁለተኛው 50 ነው። ዴክሳ የተባለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ሲነበብም መጠንቀቅ ያሻል፤ የተጨፈለቀ አጥንት ታጭቆ ስለሚታይ ቁጥሩን ያሳምረዋል።

ኢንዛይም የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስድ አዋቂ በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ እንደ ደም ውጤቱ ሐኪም እስከ 2000፣ አንዳንዴም 4000 ሊያዝ ይችላል። ካልሲየም ከምግብም ከክኒንም ተደምሮ በቀን 1000 ሚሊግራም፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች 1200 ነው። 1250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚል ክኒን ውስጥ ያለው ካልሲየም 500 ብቻ ነው፤ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ግን ሁለቱን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቃቸው። ካልሲየም የፌኒቶይንን መመጠጥ ይቀንሳልና ለአጥንት የታሰበው ክኒን በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ከዝቅተኛ መቀመጫ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት የሚያቅተው፣ ደረጃ የሚከብደው፣ ጭኑንና ዳሌውን የሚያመው ሰው አጥንቱ መሳሳት ብቻ ሳይሆን ለስልሶም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ እንደ አሌንድሮኔት ያለውን የአጥንት መድኃኒት ቸኩሎ መጀመር አደጋ አለው፤ ቫይታሚን ዲው አስቀድሞ ካልተሞላ የደም ካልሲየም ያሽቆለቁላል። ካልሲየም በጣም ሲወርድ ደግሞ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ያን ጊዜ “መድኃኒቱ አልያዘውም” ተብሎ የፌኒቶይኑ መጠን ቢጨመር ቫይታሚን ዲው የባሰ ይሰበራል።

ይህን አንብቦ ክኒኑን ዛሬ የሚተው እንዳይኖር። በተለይ ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ያም ሕይወት ይቀጥፋል። መቀየር ካስፈለገ ሐኪሙ አዲሱን እያስገባ አሮጌውን በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ይቀንሳል።

ክትትል የሚያደርጉ ክሊኒኮች ካርዱ ላይ ከክብደት ጎን ለቁመት አንድ መስመር ይጨምሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ተሞልቶ ካለፈው ዓመት ጋር ከተነጻጸረ በቂ ነው።

ከሰላምታ ጋር