ለእታለም፦ ስለ ጾሙ ወጥና ስለምልክልሽ መጻሕፍት

ለንደን
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እታለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እናታችን፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ከሥራ ስወጣ ጨልሞ ይጠብቀኛል፤ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ድስት መጣድ ነው።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ልጆቹ ሽሮ ሰለቻቸው፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ አንተ እዚያ መጽሐፍ እያየህ ነው የምትሠራው አሉ፤ እስቲ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ላክልኝ» ነበር ያልሽው። መስመሩ ተቆራረጠና በወጉ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ጥያቄው ግን ሦስት ሌሊት አብሮኝ አደረ። መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያወረድሁ፣ ይህኛው ደሴ ላይ፣ በአንቺ ከሰል ምድጃ፣ ከሰኞ ገበያ በሚገዛ ነገር ይሠራል ወይ እያልሁ ስመረምር ሰነበትሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ አገር «ቬጀቴሪያን» የሚባለው ምግብ የእኛ የጾም ምግብ አይደለም። ሥጋና ዓሣ አይገባበትም እንጂ ወተቱም፣ ቅቤውም፣ አይቡም፣ እንቁላሉም ይገባበታል። እንግሊዝ ውስጥ ቬጀቴሪያኖቹ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ የተዉት ደግሞ በ1944 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው «ቪጋን» የሚል ስም አወጡ። ለእኛ ጾም የሚቀርቡት እነዚህ የኋለኞቹ ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ሽፋኑ ላይ አትክልት የተሳለበት መጽሐፍ ገዝቼ ገባሁ። ገጹን በገለጥሁ ቁጥር አይብ ነበር። ያን ሰሞን ዳቦና ሙዝ እየበላሁ ነው የጾምሁት።

ስመጣ ሽንኩርት እንኳ በወጉ መክተፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ «ምን ጠፋህ?» ተብሎ የሚመለስበት ቤት ነው ያደግነው። ያን ጊዜ የጻፍሽልኝ የምስር ወጥ አሠራር እስከ ዛሬ አለኝ፤ ወረቀቱ በርበሬ ነክቶት ጠርዙ ቀልቷል። «ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላው። ሲበስል ዘይት ጨምር። በርበሬው እንዳያርርብህ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግህ እስኪበቃው አማስለው። ጨው በመጠኑ።» እታለሜ፣ ያ «እስኪበቃው» የሚለው ቃል ያን ክረምት አስለቅሶኛል። መቼ ነው የሚበቃው? በምን ይታወቃል? አንቺ ከሽታው ታውቂያለሽ፤ እኔ ሽታውን ከሩቅ፣ ከሳሎን ሆኜ ነበር የማውቀው። ሦስት ጊዜ አሳረርሁት። አራተኛው ደግሞ ጥሬ በርበሬ ጥሬ በርበሬ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አሮጌ ዕቃ በርካሽ ከሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የሮዝ ኤሊየትን «ዘ ቢን ቡክ» ያገኘሁት። እንግሊዛዊት ናት፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስሙ እንደሚለው የሚናገረው ስለ ባቄላና ስለ ምስር፣ ስለ ሽምብራና ስለ አተር ነው። ወፍራም አይደለም፣ ያሸበረቀ ሥዕልም የለውም። እኔ ግን እንደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው ያጠናሁት፤ የትኛው ጥራጥሬ ይዘፈዘፋል፣ የትኛው ሳይዘፈዘፍ ይጣዳል፣ የትኛው ስንት ደቂቃ ይፈልጋል የሚለውን። ለመጀመሪያ ጊዜ «እስኪበቃው» በቁጥር ሲጻፍ አየሁ። ቁጥሩን ይዤ ደጋግሜ ከሠራሁ በኋላ አንድ ቀን ሰዓት ማየት መተዌን አወቅሁት። ሽታው ራሱ ነገረኝ። ያን ዕለት ማታ ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና ሳነበው እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። አንዲት ቃል አልጎደለችበትም ነበር።

ስለ ቦሎቄ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ለእናታችንም ንገሪያት። ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ የዘፈዘፈው ውሃ ይደፋል፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በለዘብታ እሳት ቀስ እያለ የበሰለ ቦሎቄ፣ ለስላሳ ቢመስልም አደገኛ ነው። ጓያን እግር ያሽመደምዳል ብለን እንደምንጠነቀቀው ሁሉ ይህንንም ልማድ አድርጉት።

ደቂቃውን ግን እንዳለ አትውሰጂው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለእንግሊዝ ድስት ነው። ለንደን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እናንተ ዘንድ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ከሰል ብትጨምሪ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ሽምብራውን መጽሐፉ ካለው ደቂቃ ረዘም አድርገሽ ቀቅይው። የኮምቦልቻዋ አክስታችን ሁልጊዜ «የእኔ ሽምብራ ቶሎ ይበስላል፣ የእናንተ ደረቅ ነው» እያለች ስትከራከር ትዝ ይልሻል? እውነቷን ነበር፤ ግን ሽምብራው አልነበረም። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ዝቅ ስለምትል ውሃዋ ሲፈላ ይበልጥ ይሞቃል።

ሁለተኛው የምልክልሽ የማዱር ጃፍሪ ነው። ይህች ሴት ሕንዳዊት ተዋናይ ናት፣ የዴልሂ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቲያትር ትምህርት ልትማር እዚሁ ለንደን መጣች፤ ስትመጣ ምግብ መሥራት ፈጽሞ አታውቅም ነበር። የእንግሊዙ ምግብ አልዋጥ ሲላት ለእናቷ ጻፈች፤ እናቷም አሠራሩን በአጫጭር መስመር እየጻፈች በአየር ፖስታ ትልክላት ነበር። ምግብ የተማረችው በደብዳቤ ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። እኔና አንቺን ነው ያየሁት።

«ወርልድ ቬጀቴሪያን» የተባለው መጽሐፏ ከ650 በላይ የምግብ ዓይነቶች አሉት፣ ለጥራጥሬ ብቻ ሰፊ ምዕራፍ ሰጥታለች። የመረጥሁልሽ ግን በብዛቱ አይደለም። ቅመሙ የእኛ ስለሆነ ነው፦ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ነጭ አዝሙድ። የሚቸግርሽ ነገር ጥቂት ነው። የሚለየው አካሄዱ ነው። እኛ ቅመሙን ከሽንኩርቱ ጋር እናቁላላለን፤ ሕንዶቹ ደግሞ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ዘይት ለብቻው አግለው፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርገው፣ ሲንጣጣ ትኩሱን ድስቱ ላይ ይገለብጡታል። ይህንን በምስር አልጫ ሞከርሁት። ምስር ክኩን በእርድና በዝንጅብል ቀቅዬ፣ በመጨረሻ በትንሽ ዘይት ነጭ አዝሙድና ስስ አድርጌ የከተፍሁትን ነጭ ሽንኩርት ቡናማ እስኪሆን አግዬ አፈሰስሁበት። ቤቱ ሁሉ አወደ። ልጆቹ ሽሮ ከሰለቻቸው በዚህ ጀምሪ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይጨምርብሽም።

የሽምብራ ዱቄትም በብዛት ትጠቀማለች። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ የእነሱ የሽምብራ ዱቄት ያልተቆላና ቅመም የሌለው ነው። እኔ ሽሮ ሲያልቅብኝ ያው ነው ብዬ እንደ ሽሮ አንተክትኬው ጥሬ ጥሬ ሸትቶኝ ሳልበላው ቀረሁ። የእናታችን የሽምብራ ዓሣ የሚመስል ምግብ ግን ከሕንዳዊት ጎረቤቴ ተምሬያለሁ፤ «ጋቴ» ይሉታል። ሊጡን አድቦልቡለው እንደ ጣት ያረዝሙትና በውሃ ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ቆራርጠው ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። እሷ በእርጎ ነው የምትሠራው፤ እኔ በቀይ ወጥ ሠራሁት። እንደ እኛው በዘይት አለመጠበሱ ደስ ብሎኛል፤ ዘይት በተወደደበት ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ሌሎቹን የማልልክበትንም ምክንያት ልንገርሽ፣ ንፉግ ሆኜ እንዳይመስልሽ።

የዴቦራ ማዲሰን «ቬጀቴሪያን ኩኪንግ ፎር ኤቭሪዋን» እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ከ1,400 በላይ አሠራር ይዟል። አትክልቱን በየስሙ ከፋፍሎ፣ ይህን ዱባ እንዴት ትመርጪዋለሽ፣ ከምን ጋር ይስማማል እያለ ያስተምራል። ዱባና ቀይ ሥር መውደድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለጀማሪ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ፤ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የሞሊ ካትዘን «ሙስዉድ ኩክቡክ» እ.ኤ.አ. በ1977 ታትሞ አሜሪካ ውስጥ በጣም የተወደደ ነው። ከዳር እስከ ዳር በራሷ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ በራሷ ሥዕል ያጌጠ ስለሆነ ሲያነቡት የዘመድ ደብዳቤ ይመስላል። በጣም እወደዋለሁ። አይቡና እንቁላሉ ግን ብዙ ነው፤ ለጾም አይሆንሽም።

የዮታም ኦቶሌንጊ «ፕሌንቲ» ደግሞ ከሁሉም ያማረ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2010 መጽሐፍ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ደበርጃን ከነሮማኑ አለ። ይህንን ለእንግዳ ቀን እከፍተዋለሁ። አንዱን ምግብ ለመሥራት ብዙ ዓይነት ነገር መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውም የመጋገሪያ ምድጃ ይፈልጋል። ለአንቺ ብልክልሽ ሥዕሉን አይተሽ የምታዝኚበት ነው የሚሆነው። መጽሐፍ ሰውን ያለውን ነገር እንዲንቅ ካደረገው አልወድም።

አንድ ነገር ግን ከአንዳቸውም አላገኘሁም። ሁሉም «ሽንኩርቱን በዘይት» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሽንኩርት በደረቁ፣ በራሱ ውሃ ብቻ ቀስ እያለ እንደሚበስል፣ ወጡን የሚያወፍረውና ጣፋጭ የሚያደርገውም እሱ እንደሆነ ካነበብኋቸው አንዱም አልጻፈውም። ያንን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ።

መጽሐፎቹን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወደ አገር የሚገባ የወልድያ ልጅ ይዞልሽ ይመጣል። እንግሊዝኛው ለትልቋ ልጅሽ አይከብዳትም፤ ለአንቺ ደግሞ ለጾም የሚሆኑትን እየመረጥሁ በየገጹ መካከል በአማርኛ የጻፍሁባቸውን ወረቀቶች አስገብቻለሁ። ወተት ያለበትን ቦታ በቀይ አስምሬበታለሁ። አንድ «ካፕ» ሲል 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ «አውንስ» 28 ግራም ገደማ። ትልቁ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር፣ ትንሹ 5። ማንኪያዎቹንና አንድ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን አብሬ ልኬልሻለሁ።

ለሰዒድ እናት ሰላም በይልኝ፤ ዱዓዋ አይለየኝ። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 በአንድ ቀን ሲገቡ፣ ለማፍጠሪያ ከጠበሰችው ሳምቡሳ ለእናንተ ብላ በምስር የሞላችውን ለይታ እንደላከች የነገርሽኝን አስታውሳለሁ። ድንችና አተር የሚገባበት የሕንዶቹ አሠራር ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ፤ መጽሐፉን ይዘሽ ሂጂና አብራችሁ ሞክሩት። ሊጡን ከእሷ በተሻለ የሚያሳሳው መጽሐፍ ስለሌለ በሊጡ ጉዳይ እሷን ስሚ።

ሚዛኑን የላክሁት ግን ለሌላም ነው። የእናታችንን ስልጆ ከነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ውስጥ አጥቼዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከራሴ ገምቼ ሠርቼ ሁለቱንም ጊዜ ተበላሸብኝ። ስትሠራ አታስቁሚያት፣ «ስንት ነው?» ብለሽም አትጠይቂያት፤ ትበሳጫለች፣ እጇም ይሳሳታል። ሳህኑን ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና እሷ እንደ ልማዷ ትጨምር። የባቄላ ዱቄቱን፣ የሱፉን ውሃ፣ ሰናፍጩን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ እያንዳንዱ ሲገባ ቁጥሩን ጻፊ። ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ በስንተኛው ቀን ክዳኑን ከፍታ እንደምታሸትተው፣ ሸትታም ምን እንደምትል፣ ቃሏን እንዳለ ጻፊልኝ። «በቃው» ካለች «በቃው» ብለሽ ጻፊ፤ አሁን ይገባኛል።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጆቹን አንገታቸውን።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ