«ሰው ነበር?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው እሑድ ስደውልልዎ የልጅ ልጅዎን ይዤ ያንን የምንወደውን የሞተርሳይክል ውድድር፣ ስፒድዌይን፣ ማየቴን ነገርኩዎ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ «ማን አሸነፈ?» ይል ነበር። እርስዎ ግን «ሰው ነበር?» አሉኝ። እኔም «ነበር፣ ነበር» ብዬ በችኮላ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ከነከነኝ። ብዙ ሰው አልነበረም፣ አባባ። አጥሩን ተደግፈን የቆምንበት ኩርባ ላይ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ሰው አሥር እርምጃ ያህል ይርቃል። እሳቸውም በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ብቻቸውን ነበሩ።

እርስዎ ከኮቨንትሪ ወጥተው አገር ቤት ከገቡ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በስልክ እየቆራረጥኩ የነገርኩዎ አንድ ላይ አይያያዝም። ዛሬ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ።

ከብራንደን፣ ከኮቨንትሪው ስታዲየማችን፣ ልጀምር። ቅዳሜ ማታ ነበር የምንሄደው። መኪናው ገና ሳይቆም ሽታው ይቀበለናል። ሞተሮቹ የሚነዱት በሜታኖል ነው፤ ዘይታቸው ደግሞ የጉሎ ዘይት ነበር። አንድ ቀን በረዥሙ ተነፈሱና «ይሄ እኮ የእናቴ ምጣድ ሽታ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሳቁ። እንግሊዝ አገር ከገባን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አይቼዎ አላውቅም ነበር። ስፒድዌይ ለእኔ የባዕድ ነገር ሆኖ የማያውቀው ለዚህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1987 8 ዓመቴ ነበር። ቡድናችን «ንቦቹ» የሊጉ ሻምፒዮን የሆኑበት ዓመት ነው፤ በ1988ም ደገሙት። ኬልቪን ቴተምና ዴንማርካዊው ቶሚ ክኑድሰን የእኛ ነበሩ። ውጤት የሚጻፍበትን የውድድሩን ፕሮግራም የምሞላው እኔ ነኝ። እርስዎ ቁጥሩን ይነግሩኛል፣ እኔ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። አንደኛ የወጣ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ መጨረሻ የገባው 0። ሁለቱ የእኛ ልጆች ከፊት ተከታትለው ከገቡ «አምስት ለአንድ!» ብለው ትከሻዬን ይመቱኝ ነበር። ኩርባው ላይ ሲታጠፉ ከጎማቸው የሚፈናጠረው ቀይ ጠጠር ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ጠረግ አድርጌ መጻፌን እቀጥላለሁ። መደመር የተማርኩት ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ አጥር ሥር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ያ ሜዳ ከ1928 ጀምሮ ሞተር ሲሮጥበት የኖረ ነው። በ2016 የመጨረሻው ውድድር ተደረገበትና ተዘጋ። መሬቱ ለግንባታ ተፈልጎ ነው። ቤት ሊሠራበት የቀረበው ዕቅድ ተቃውሞ ገጥሞት ውድቅ ሆነ፤ ግን ሞተሮቹም አልተመለሱም። እስከዚያው በተደጋጋሚ እሳት ተነሥቶበት ፈራርሷል። አንዴ በመኪና ሳልፍ ቆም ብዬ አየሁት። የቆምንበት አጥር አካባቢ ዛፍ በቅሏል። ወዲያው መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ፤ አላስቻለኝም።

አባባ፣ ሰዎች ስለ ተመልካች መቀነስ ሲያወሩ «የዛሬ ልጅ ከስልኩ ላይ አይነሣም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስታዲየሙ ተዘግቶበት ሰው የት ይሂድ? ብራንደን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የዊምብልደን ስፒድዌይ በ2005 ቆመ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የእግር ኳስ ስታዲየም ነው ያለው። የሃክኒው ሜዳ በኦሎምፒክ ፓርኩ ተውጧል። ስዊንደን ከ2019 ወዲህ አልተወዳደረም። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ዎልቨርሃምፕተንና ፒተርቦሮ አብረው ሄዱ። አብዛኞቹ ክለቦች መሬቱ የራሳቸው አይደለም፤ ተከራይ ናቸው። ብዙዎቹም ከውሻ ሩጫ ጋር ተዳብለው የሚኖሩ ናቸው። ባለመሬቱ ሌላ የሚያዋጣ ነገር ሲያገኝ «ውጡልኝ» ይላል፣ እነሱም ይወጣሉ። የተከራይ ኑሮ ምን እንደሆነ እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ፤ በሦስት ዓመት አራት ቤት የቀየርንበትን ጊዜ አልረሳሁትም።

ሜዳው ሲዘጋ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ሜዳ አይሄድም። ብራንደን አጠገባችን ይቆሙ የነበሩት ባልና ሚስት ትዝ ይሉዎታል? ሚስትየው ለእኔ ከረሜላ የምትሰጠኝ? እነሱ ሌላ ከተማ ሄደው የሌላ ቡድን ደጋፊ አልሆኑም። ቤታቸው ቀሩ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው። ስፒድዌይን ጠልቶ የተወው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ቦታውንና ጓደኛውን ሲያጣ የቀረ ነው።

ሌላው ቀኑ ነው። ይሄ እንደ እናት በጣም ያናድደኛል። ተወዳዳሪዎቹ ዛሬ በአንድ አገር አይኖሩም። ዋናው ገንዘብ ፖላንድ ነው፤ የፖላንድ ትልቁ ሊግ ዓርብና እሑድ ይወዳደራል። ማክሰኞ ስዊድን ነው። ስለዚህ ለብሪታንያ ትልቁ ሊግ የተረፉት ቀናት ሰኞና ሐሙስ ናቸው። አንድ ተወዳዳሪ በአንድ ሳምንት ሦስት አገር ይዞራል። እሱን አልወቅስም፣ እንጀራው ነው፤ አጥንቱ የሚሰበረውም የእሱ ነው። ግን ሐሙስ ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ግድም የሚቆይ ውድድር፣ በነጋታው ትምህርት ቤት ላለባት ልጅ እንዴት ይሆናል? እርስዎ እኔን በሐሙስ ማታ ይወስዱኝ ነበር? እማዬ ትፈቅድ ነበር? ልጄ 10 ዓመቷ ነው። እስከ ዘንድሮ ሳልወስዳት የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው። «ቅዳሜ ሲሆን፣ ቅዳሜ ሲሆን» እያልኩ ዓመታት አለፉ።

እኔን ወደ ብራንደን ያስገባኝ የእርስዎ እጅ ነው። ማንም ሰው በራሱ ተነሥቶ አይሄድም፤ አንድ ሰው እጁን ይዞ ይወስደዋል። ያን ጊዜ የነበረው ያ ሁሉ ሕዝብ አባቱ ወይም አጎቱ ያመጣው ነበር። የእኔ ትውልድ ግን ልጁን አላመጣም። አንዱ ሜዳው ሲዘጋበት፣ ሌላው ቀኑ አልመች ሲለው፣ ክሩ ተበጠሰ። እሳቸውን፣ ብቻቸውን የቆሙትን ሽማግሌ፣ ሳያቸው ይሄንን ነው ያሰብኩት።

ዋጋውም አለ። የትልቅ ሰው መግቢያ 20 ፓውንድ አካባቢ ሆኗል። ልጅ ሲጨመር፣ ፕሮግራሙ ሲገዛ፣ ነዳጁ ሲታሰብ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ የሚታየው ምን ያህል ነው? አንድ ምሽት 15 ዙር ውድድር አለ። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመን ሩጫ የምናየው ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው ትራክተሩ የሜዳውን አፈር ሲደለድል፣ የወደቀው ሲነሣ፣ አጥሩ ሲስተካከል ነው። ድሮም በመካከል እረፍት ነበር። ግን ከሊጉ ግጥሚያ በኋላ ሁለተኛው ክፍል የሚባል ነበር፤ ጀማሪዎቹ ልጆች ወጥተው ይሽቀዳደሙ ነበር። «የነገ ሻምፒዮን ከእነዚህ አንዱ ነው» ይሉኝ ነበር። አሁን ያ የለም። ቶሎ አልቆ ሁሉም ወደ መኪናው ይሮጣል።

ሌላ የማይገባኝ ነገር አለ። አንድ ተወዳዳሪ ቢጎዳ ከሌላ ቡድን እንግዳ ሰው ተበድሮ በእሱ ፋንታ ይወጣል። ድሮም ነበር፤ ዛሬ ግን በዝቷል። አንዳንዱ ደግሞ በሕጉ ተፈቅዶለት በሁለት ሊግ ለሁለት ቡድን ይሮጣል። ልጄ «ባለፈው የእነሱ ነበር፣ ዛሬ እንዴት የእኛ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ሕጉን ላስረዳት እችላለሁ። ግን የ10 ዓመት ልጅ ሕግ አይደለም የምትወደው፣ ሰው ነው የምትወደው።

ዝናቡን ልጨምር። ባለፈው ዓመት ብቻዬን አንድ ሰዓት ነድቼ ስደርስ በሩ ላይ «ዛሬ የለም፣ ሜዳው ረጥቧል» ተባልኩ። የየትኛው ከተማ እንደሆነ አልነግርዎትም። ሰዎቹ አዝነው ነው የነገሩኝ። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቤተሰብ ግን ሁለተኛ አይመለስም።

ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በ1981 ዌምብሊ ሄደው አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሃል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን አይተው ነበር። ከ90 ሺህ በላይ ሰው ነበር። «ጆሮዬ ለሁለት ቀን ጮኸ» ይሉ ነበር። ከ1995 ወዲህ ግን የዓለም ሻምፒዮናው በአንድ ሌሊት የሚለይ መሆኑ ቀርቶ ከከተማ ከተማ የሚዞር ግራንድ ፕሪ ሆኗል። የብሪታንያው ግራንድ ፕሪ ከ2001 ጀምሮ በካርዲፍ ትልቁ ስታዲየም ሲደረግ ቆይቶ በ2025 ወደ ማንቸስተር ሄዷል፤ ለስፒድዌይ ብሎ ወደተሠራውና በ2016 ወደተከፈተው ስታዲየም። ቦታው ቆንጆ ነው፣ የሚይዘው ሰው ግን ከካርዲፉ ጋር አይወዳደርም።

ስፖርቱ ራሱ ሞቷል የሚሉኝን ግን አልሰማም። ሐሙስ ማታ እዚህ ጥቂት ሰው ፊት የሚሮጠው ያው ልጅ፣ እሑድ ፖላንድ ውስጥ ቶሩን ወይም ቭሮትስዋፍ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ይሮጣል። ሞተሩ ያው፣ በአንድ ሩጫ ሜዳውን የሚዞሩት ያው አራት ጊዜ፣ ፍሬን የለም፣ ማርሹ አንድ። ልዩነቱ እዚያ ከተማው ቡድኑን የራሱ አድርጎ ይዞታል፤ ስታዲየሙም ብዙ ቦታ የከተማው ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በስልክና በልጆች ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም።

እዚህም ቢሆን እንዲህ ያለ ክፉ ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም። በ1950ዎቹ የመዝናኛ ግብርና ቴሌቪዥን ተባብረው ብዙ ሜዳ ዘግተው ነበር። በ1965 አዲስ ሊግ ተመሥርቶ እንደገና ሰው ሞላ። ኦክስፎርድም ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2022 ተመልሷል። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ልጅቷ ልንገርዎ። መጀመሪያ ጆሮዋን ይዛ ነበር። «ፍሬን የለውም» ስላት አላመነችኝም። «ታዲያ እንዴት ይቆማል?» አለች። እርስዎ ያሳዩኝን አሳየኋት፦ የግራ እግራቸው ላይ ያለውን የብረት ጫማ፣ መሬቱን እየነካ ሲሄድ። አራቱ መነሻው ላይ ተሰለፉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ ሄልሜት። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። ከፊታቸው የተወጠረው የመነሻ ገመድ ወደ ላይ ሲፈናጠር ክንዴን ያዘችኝ። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማቸውን እያንሸራተቱ ወደ እኛ ሲመጡ አፈሩ እጇ ላይ በረረ። አየችው፣ አላራገፈችውም። ቀዩና ሰማያዊው ቀድመው ገቡ። «ስንት ልጻፍ?» አለችኝ።

እነዚያ ሽማግሌም ሰምተዋት ኖሮ አሥሯን እርምጃ ተሻግረው መጡ። «አምስት ለአንድ» አሏት፣ እስክሪብቶዋ ቀለም ቢጨርስ ብለውም የራሳቸውን ሰጧት። እስከ መጨረሻው ዙር ከእኛ ጋር ቆሙ።

ፕሮግራሙን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልዎታለሁ። ጽሑፉ የእሷ ነው። 9ኛው ዙር ላይ ድምሩን ተሳስታለች፤ አላረምኩትም፣ እርስዎ ያርሙላት ብዬ ነው። ወረቀቱን ሲከፍቱ ቀስ ይበሉ፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ቀይ አፈር አለ።

ልጅዎ